እጀታውን ያነሳሁት እኔ ነኝ

«አንቺ የመረጥሽልኝን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምገዛው።»

ይህን ያለችኝ ራሔል ናት፤ ፊት ለፊቴ ቆማ፣ ክርኗን የሱቁ መስታወት ላይ አስደግፋ፣ እየሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም፤ ስለ ሞደም ማስረዳት ስጀምር መስቀላቸውን እንደያዙ ግራ ሲጋቡ ታየኝና «ሰው ላይ ቀናሁ፣ አባ» ብዬ ብቻ አለፍኩ። ቀናሁ ማለት ቀላል ነው። የማይቀና ማን አለ? እኔ ግን ቀንቼ አልቀረሁም። እጄን ዘርግቼ አነሳሁ። እናንተ ስለማታውቁኝ ለእናንተ ልናገረው፤ ፊቴን ስለማታዩት ይቀለኛል።

ራሔልና እኔ አቃቂ ውስጥ በአንድ የቆርቆሮ አጥር ተለያይተን ያደግን ነን። አንድ ክፍል፣ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ነው የተማርነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ እሷ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ እኔ ቀረሁ። አላለቀስኩም። ዋናው መንገድ ዳር ያለ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብቼ ቻርጀር፣ ሪሞት፣ ገመድ መሸጥ ጀመርኩ። ያኔ ኢንተርኔት ቤት ማስገባት ገና ብርቅ ነበርና ሞደም የሚፈልግ ሰው ሲመጣ የሱቁ ባለቤት «መሲን ጠይቋት» ይል ነበር። ሥራዬን አውቃለሁ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ በኋላ አላወቅኩም ነበር ብዬ እንዳላመልጥ ነው።

ስለ ስልኩ ደግሞ ልንገራችሁ። የራሔል አባት ጋሽ ታደሰ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ በእኛ መንደር መጀመሪያ የመስመር ስልክ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። አባቴ የታመመ ጊዜ «ሐኪም ቤት ለመደወል ስትሉ አጥር እያንኳኳችሁ አትሳቀቁ» ብለው ራሳቸው መሰላል ላይ ወጥተው፣ ከስልካቸው ሽቦ ቀጥለው፣ በአጥሩ ላይ አሳልፈው ቤታችን አስገቡልን። አንድ ቁጥር፣ ሁለት ስልክ። ሲጠራ ሁለቱም ቤት ይጮኻል። እነሱ ሲያወሩ እኛ ካነሳን ድምፃቸው ይሰማናል፤ ያኔ እጀታውን ቀስ አድርገን መልሰን እናስቀምጣለን። ለጎረቤት መስመር መቀጠል ስለማይፈቀድ፣ የስልክ ሠራተኞች መጡ ሲባል ሽቦውን ነቅለን ከአጥሩ እናወርድና እኛ ቤት ሳፋ ሥር እንደብቀዋለን። ሲሄዱ መልሰን እንቀጥላለን። ብዙ ሰው እንዲሁ ነበር የሚያደርገው፤ ጉርብትና ነው እንጂ ስርቆት ነው ያለ ሰው አልሰማሁም። አባቴ ሞተ፣ ጋሽ ታደሰም ሞቱ፣ ሽቦው እዚያው አጥር ላይ ቀረ።

የእነዚህ ሰዎች ልጅ ላይ ነው የቀናሁት። ክፉ ሠርታብኝ ነው? አልሠራችም። ብትሠራብኝ ይሻለኝ ነበር። አንድም ቀን አልኮራችብኝም፤ እሱ ነው ያቃጠለኝ። ከግቢ ለእረፍት ስትመጣ ሻንጣዋን ሳትፈታ መጀመሪያ የምትገባው እኛ ቤት ነበር። እሷን ሲያይ የእናቴ ፊት የሚበራውን ያህል፣ እኔ ከሥራ ደክሜ ስገባ በርቶ አላየሁም። «ራሂዬ፣ ነይ ቁጭ በይ እስቲ፣ አንቺ ስታወሪ ደስ ይለኛል» ትላታለች። እኔን «ጫማሽን ውጪ አውልቂ» ትለኛለች።

ራሔል ተመርቃ መሃል ከተማ ሥራ እንደያዘች እናቷን እትዬ አሰገደችን ደም ግፊት ጣላቸው። ግራ ጎናቸው በድን ሆነ፣ አፋቸውም ተሳሰረ። ራሔል ሥራዋን ትታ ገባች። ሰፈሩ ሁሉ «እንዲህ ያለ ልጅ ይወለድ» አለ። እኔስ? እኔ በዚህም ቀናሁ። ሰው በበሽተኛ እናት ይቀናል? እኔ ቀንቻለሁ። እናቴ ጤነኛ ስለሆነች ጥሩ ልጅነቴን የማሳይበት አጣሁ ብዬ ያሰብኩበት ቀን አለ። እንዲህ ያለ ነገር በጭንቅላቴ ያለፈ ሰው ነኝ።

ከዚያ ናይሮቢ ያለ አንድ ድርጅት አገኘች። የአማርኛ ቃለ መጠይቅ በድምፅ ይልኩላታል፤ እሷ እያዳመጠች በጽሑፍ ገልብጣ መልሳ ትልካለች። ሥራው ከቤት ነው። ለጊዜው በሙከራ ነው የያዟት፤ በሙከራው መጨረሻ ኃላፊዎቹ በኢንተርኔት ፊት ለፊት እያነጋገሯት እዚያው አንድ ሥራ ትሠራላቸዋለች፤ ከወደዱላት ትቀጠራለች። የጠየቋት የማይቋረጥ መስመር ብቻ ነበር።

«እማዬን ሳልተዋት ላበላት ነው፣ መሲ» አለችኝ። «ይሄ ካልሆነ ፋብሪካ ነው የምገባው። ፋብሪካ ከገባሁ ደግሞ ማን ያገላብጥልኛል?»

እንግዲህ ሱቅ የመጣችው ለዚህ ነው። ሁለት ሞደም አወጣሁላት። አንዱ ርካሽ፣ ኮምፒውተሩ ላይ በገመድ ብቻ የሚሰካ፤ ሌላው ዋይፋይ ያለው፣ ጠንከር ያለ። «ይሄኛውን ውሰጂ፤ ከእናትሽ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብለሽ ትሠሪያለሽ» አልኳት። እውነት ነበር። መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዳያቃጥልባት ምን ላይ መሰካት እንዳለባት ነገርኳት። እሱም እውነት ነበር። ከሳጥኑ ውስጥ ስፕሊተር የሚባለውን ትንሽ ዕቃ አወጣሁና መስመሩ በዚህ ገብቶ ስልኩ በዚህ፣ ሞደሙ በዚህ ይወጣል ብዬ አሳየኋት። ሁሉንም ልክ መረጥኩላት። እስከዚያች ድረስ ንጹሕ ነበርኩ።

ከዚያ ጠየቀችኝ። ባትጠይቀኝ ኖሮ ረስቼው ነው እል ነበር።

«የእናንተ ቤት ስልክስ? ለእሱ የሚገባለት ነገር የለም?»

አለ። ፊልተር ይባላል፤ አውራ ጣት የምታክል ነገር ናት። ኢንተርኔቱና የሰው ድምፅ በአንድ ሽቦ ነው የሚሄዱት፤ በዚያ ሽቦ ላይ ያለ ስልክ ሁሉ ፊልተር ሊኖረው ይገባል። የሌለው ስልክ እጀታው ሲነሳ ኢንተርኔቱን ይረብሸዋል፣ ይጥለዋል። የእነሱን ስልክ ስፕሊተሩ ይጠብቅላታል። የእኛ ሽቦ ግን ከስፕሊተሩ በፊት ስለሚገነጠል የሚጠብቀው ያቺ ፊልተር ናት። መሳቢያ ውስጥ ነበረች። መሳቢያው ደግሞ እጄ ሥር ነበር።

«የእኛ ምን ያደርግለታል? እሱ ወዲያ ማዶ ነው» አልኳት።

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አለችና ዕቃዋን ተቀብላኝ ሄደች።

አስቤበት ነው? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ክፉ ዕቅድ አልነበረኝም ማለት እፈልጋለሁ። ግን እጄ መሳቢያውን ለመክፈት ተነስቶ ነበር፤ ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አላስቆመውም።

የስልክ ሠራተኞች ሊያገናኙላት የመጡ ቀን፣ እንደ ልማዳችን፣ ሽቦውን ከአጥሩ አወረድነው። «አንድ ስልክ ብቻ ነው ያለው?» ብለው ሲጠይቁ ራሔል «አንድ ብቻ» አለች። ሲሄዱ መልሰን ቀጠልነው። ሞደሙ ላይ አረንጓዴ መብራት በራ። እናቴ እልል አለች፣ እትዬ አሰገደች በደህናው እጃቸው አልጋውን መታ መታ አደረጉ። ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ አጥሩ ሥር ቆም አለችና «አየሽ? የተማረ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ናይሮቢ ይሠራል። አንቺ አቃቂ ተቀምጠሽ ለአቃቂም አልሆንሽ» አለችኝ።

መጀመሪያ የተቋረጠው በእኔ አይደለም። እሑድ ነበር፤ እናቴ ደብረ ዘይት ያለች እህቷ ጋ ደወለች። ወዲያው ከአጥሩ ማዶ «ወይኔ፣ ጠፋ!» ሲባል ሰማሁ። ራሔል ጆሮ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ እየሮጠች መጣች። «መሲዬ፣ ድረሺልኝ!» ሄድኩ። ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ፣ ሞደሙን ገለበጥኩ፣ ገመዱን ነካ ነካ አደረግኩ፣ እንደ ሐኪም ዝም አልኩ። በመሃል እናቴ ወሬዋን ጨርሳ ዘጋች መሰለኝ፣ መብራቱ ተመልሶ በራ።

«አንቺን እኮ ይፈራሻል!» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ።

ያን ዕለት የተሰማኝን ደስታ ልደብቃችሁ አልችልም። ዩኒቨርሲቲ የገባችው ራሔል፣ የሰፈሩ ምርቃት ያላለቀባት ራሔል፣ እኔን ፈልጋ ሮጠች። እኔን! ያኔ «ራሂ፣ የእኛ ስልክ ነው፣ ፊልተር አመጣልሻለሁ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። በሚቀጥለው የእረፍቴ ቀን ቤት ብቻዬን ነበርኩ። ማዶ ስትስቅ ሰማኋት። ምን እንደሚያስቃት አላውቅም። ተነስቼ ሄጄ እጀታውን አነሳሁ።

ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ሽሽሽ ይላል። ያ ድምፅ የእሷ ሥራ ነው፣ በሽቦው ውስጥ ሲያልፍ። ትንሽ ሰማሁትና ጠፋ። ሳቋም ጠፋ። አስቀመጥኩት። መጣችም። «መሲዬ፣ እባክሽ እይልኝ።»

ከዚያ በኋላ አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። ስትስቅ አነሳሁ። እናቴ ስታሞግሳት አነሳሁ። ምንም ሳይሆንም አነሳሁ። እናቴ አንዴ አይታኝ «ማን ጋ ነው የምትደውዪው?» አለችኝ። «ማንም ጋ» አልኳት፤ ያን ቀን የተናገርኩት እውነት እሱ ብቻ ነው።

ራሔል መጀመሪያ የጠረጠረችው ቁፋሮውን ነበር። ወደ መሃል ከተማ የሚወስደው መንገድ ለቀላል ባቡሩ ተቆፋፍሮ ስለነበር ስልክ በተበላሸ ቁጥር ሁሉም ሰው ቁፋሮውን ነበር የሚራገመው። ሠራተኞቹን ጠራች። እኛም እንደ ልማዳችን ሽቦውን አወረድን። እኔ ነኝ ያወረድኩት፤ ጠቅልዬ ሳፋ ሥር አስቀመጥኩት። ሠራተኛው በመለኪያው ለክቶ «እህቴ፣ መስመርሽ እንደ መስታወት ነው። ሞደሙን አሳዪ» አላት። እውነቱን ነበር፣ ሽቦው በሌለበት መስመሩ ምን ይሆናል? ደግማ ጠራቻቸው፤ ደግመን ደበቅን፤ ደግመው መስታወት ነው አሏት። በሦስተኛው ሳይሰለቻቸው አልቀረም፣ አልመጡም።

ሞደሙን ይዛ ወደ እኔ መጣች። የት ትሂድ? ደህና ሞደም መሆኑን አውቃለሁ፤ የመረጥኩት እኔ ነኝ። እጄ ላይ አገላበጥኩትና «እሱ ሳይሆን አይቀርም፣ አንዳንዱ እንዲህ ይወጣል» አልኳት። ሌላ አወጣሁላት፣ ከፊተኛው የሚወደድ።

«ይሄስ አያስቸግረኝም?»

«ይሄማ!» አልኳት።

የገዛችው ለእናቷ ተሽከርካሪ ወንበር ልትገዛበት ባስቀመጠችው ነው። ይህንንም ነግራኛለች። እየነገረችኝ ነው የጠቀለልኩላት። እትዬ አሰገደች ከታመሙ ጀምሮ ፀሐይ ላይ አልወጡም ነበር፤ ወንበሩ የታሰበው በር ላይ እያወጣች ልታሞቃቸው ነበር። ይህን እያወቀ ሂሳብ የተቀበለ ሰው ምን ይባላል? ስም ብታወጡልኝ አልቀየማችሁም።

የናይሮቢዎቹ ፈተና ቀን ደረሰ። ጠዋት ከሥራ በፊት መጣችና «መሲ፣ ዛሬ ከጎኔ ሁኚልኝ። ቢቋረጥ አንቺ ትመልሺዋለሽ» አለችኝ። ሱቅ ዕቃ የሚገባበት ቀን ስለሆነ መቅረት አልችልም አልኳት። ለሱቁ ባለቤት ደግሞ ደውዬ አሞኛል አልኩት። ሞባይሌን አጠፋሁ። እናቴ እትዬ አሰገደችን ልታጎርስ እነሱ ቤት ሄዳለች። ቤቱ የእኔ ብቻ ሆነ።

በመስኮቱ በኩል ድምፅዋ ይሰማኛል። እንግሊዝኛ ታወራለች፣ ረጋ ብላ፣ እንደ ትልቅ ሰው። እኔ ያን እንግሊዝኛ ከእሷ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የተማርኩት፤ ግማሹ አልገባኝም። ሄድኩና እጀታውን አነሳሁ። ድምፅዋ ቆመ። አስቀመጥኩ። ጥቂት ቆይታ ተመለሰች፤ ይቅርታ ስትጠይቃቸው ሰማሁ፤ ይሄ ገባኝ። ደግሞ አነሳሁ። አሁን ግን አላስቀመጥኩትም። እጀታውን ከስልኩ ጎን ቁምሳጥኑ ላይ አጋደምኩት።

«መሲ!» ብላ በአጥሩ ላይ ተጣራች። ከልማድ ነው፤ ሱቅ ያለሁ ነው የሚመስላት። ከዚያ የበራቸው ድምፅ ተሰማ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። በቤት ጫማ፣ ያለ ነጠላ፣ በአንድ እጇ ሞባይሏን ጆሮዋ ላይ ይዛ በዚያ አቧራ ውስጥ ወደ ሱቁ ትሮጣለች። እኔን ፍለጋ። እኔ እዚህ መጋረጃው ጀርባ ቆሜያለሁ። መጥራት እችል ነበር። ስሟ ሁለት ፊደል ነው፣ ራሂ። አልጠራሁም። ከዓይኔ እስክትጠፋ ቆሜ አየኋትና ሄጄ እጀታውን መለስኩት።

ሱቅ ደርሳ አጣችኝ። «አሟታል» ብለዋታል። ሥራውን አጥታ፣ አይዞሽ የሚላት ሳታገኝ፣ ማታ ብርቱካን ገዝታ ልትጠይቀኝ መጣች። ብርድ ልብስ ውስጥ ገባሁ። ብርቱካኑን በላሁት።

ናይሮቢዎቹ ሌላ ሰው ወሰዱ። ራሔል ቂሊንጦ ፋብሪካ በፈረቃ ገባች። የሠራተኛ አውቶቡሱ ገና ጎህ ሳይቀድ ዋናው መንገድ ላይ ያነሳታል። ቀን እትዬ አሰገደችን የምታየው እናቴ ናት፤ እናቴም ወገቧን ያማታል፣ ብቻዋን ማገላበጥ አትችልም። ጀርባቸው ቆሰለ። በእረፍቴ ቀን እኔ አጥባለሁ፣ ቅባት እቀባለሁ። የአልጋ ቁስል ምን እንደሚመስል አታውቁ ይሆናል፤ እኔ ከነሽታው አውቀዋለሁ። ሳጥባቸው አይጮሁም። በሩን በሩን ያያሉ። ራሔል እስክትመጣ ነው።

አንድ ቀን ከመሳቢያው አንዷን ፊልተር አውጥቼ ከፈልኩና ይዤ ገባሁ። ስልካችን ላይ ሰካኋት። ያን ያህል ቀላል ነበር። እጀታውን አንስቼ ሰማሁ፤ ሽሽሽ የሚለው የለም። ለማንም ምንም አልተናገርኩም።

አሁን ይቅር በሉኝ ልበል? ማንን ነው የምጠይቀው? እናንተን አልበደልኩም። የተበደለችው ከአጥሩ ማዶ ናት፤ ለእሷ ለመናገር ደግሞ አፍ የለኝም። ወጣት ነበርኩ፣ ኑሮ አስመርሮኝ ነበር፣ እናቴ ታነጻጽረኝ ነበር ብዬ ልደረድር እችላለሁ። ሁሉም እውነት ነው፤ ግን አንዱም እጀታ አላነሳም። ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ፊልተሯን ከሰካሁ በኋላ ባለው እሑድ ራሔል ጠራችኝ። የሥራ ዩኒፎርሟን አጥባ እያሰጣች ነበር።

«ስሚ እስቲ፣ ኢንተርኔቱ ሳምንቱን ሙሉ አልተቋረጠም። ምን አደረግሽው?»

«ትንሽ ነገር ነበረች» አልኳት። «አስተካከልኳት።»

«እኔ እኮ ብያለሁ፣ አንቺ ምንም አያቅትሽም!» ብላ እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ናይሮቢዎቹ ጋ ድጋሚ ጻፍኩላቸው። ሰው ሞልቷል አሉኝ። ወሩ ሲያልቅ መስመሩን አስቆርጠዋለሁ፤ ለማን ብዬ እከፍላለሁ?»

አሁን ተናገሪ፣ አሁን ተናገሪ አለኝ ውስጤ። አፌን ከፈትኩም። «ራሂ…» አልኩ።

«ተይው፣ አትዘኚ» አለችኝ፤ ያዘንኩላት መስሏታል። «አንቺ ደክመሽልኛል። ነይ ይልቅ።»

እጄን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። እትዬ አሰገደች በጎናቸው ተኝተዋል።

«እማዬ፣ ኢንተርኔቱን መሲ አስተካከለችልን። መርቂያት እስቲ።»

ደህናውን እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አወጡ። ዝቅ እንድል ጠበቁኝ። ዝቅ አልኩ። እጃቸው አናቴ ላይ አረፈ።

«እግዜር…» አሉ፤ ቃሉ ከአፋቸው እስኪወጣ ራሔልም እኔም ጠበቅን። «እግዜር… ውለታሽን… ይክፈልሽ።»

«አሜን በይ እንጂ» አለችኝ ራሔል እየሳቀች።

«አሜን» አልኩ።

ቀና ብዬ ነጠላዬን አጣፋሁና ወጣሁ።